ክዳኑ አልዘጋ ያለው ኮምፒዩተር

ሰኞ 2

አሥራ ሰባት ቀን። ኮምፒዩተሩ አንዲት ሥዕል ሠርቶ ለመጨረስ የሚፈልገው ጊዜ ይህ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አድርጎ ጽፎልኛል። እኔ የምፈልገው አራት ሥዕልና የሁለት ደቂቃ ፊልም ነው። የቀረኝ ጊዜ አርባ ቀን አይሞላም።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ኋላ እንዳልዋሽ። ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ተባረርኩ። ሦስት ዓመት የሠራሁበት የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ነው። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው እኔ የነደፍኩት የጤና ጣቢያ ለባለቤቶቹ ሲቀርብ፣ ከወረቀቱ ጥግ፣ የነዳፊው ስም በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ የአለቃችንን የኢንጂነሩን የወንድም ልጅ ስም አገኘሁ። ሰዎቹ ፊት ተነሥቼ «ይህ ስሕተት ነው፤ የነደፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ኢንጂነሩ ፈገግ ብሎ «እሷ ሥዕሎቹን ቀለም የምትቀባልን ልጅ ናት» አላቸው። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «በሥነ ሥርዓት ጉድለት» ይላል። ኢንጂነሩ እስከ ሐሙስ ድረስ «እሳቸው» ነበሩ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ «እሱ» ነው።

ቀለም ቀቢ።

ከተማው አዲስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሊሠራ ነው። ንድፉ የሚመረጠው ለማንኛውም ባለሙያ ክፍት በሆነ ውድድር ነው። ማስታወቂያውን ከጋዜጣ ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ማስረከቢያው የሚቀጥለው ወር 11፣ ዓርብ፣ እኩለ ቀን። ንድፉ አለኝ። ሁለት ዓመት በትርፍ ሰዓቴ ስሠራው የኖርኩት ነው። የሌለኝ መሣሪያ ነው። ያለኝ ኮምፒዩተር የሰፈሩ ኢንተርኔት ካፌ ሲዘጋ በርካሽ የገዛሁት፣ ከጎኑ «ቁጥር 9» የሚል ወረቀት ያልተላቀቀለት አሮጌ ነው።

አባዬ ራት ላይ «ይቅርታ ብትጠይቂውስ?» አለ። ማንኪያውን እያየ ነው ያለው፤ እኔን አላየኝም።

«ለምኑ?»

«ለምኑም ይሁን። ሰው እንጀራው እንዳይዘጋበት ይቅርታ ይላል።»

ተነሥቼ ገባሁ። ለማንም ይቅርታ አልልም። በትልቁ ልጻፈው፤ ለማንም።

ማክሰኞ 3

በቢሮው የጠረጴዛ ጎረቤቴ የነበረችው ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሳሁም። ሦስት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። የጤና ጣቢያውን እያንዳንዱን መስመር ስሥል አይታለች። ሐሙስ ዕለት ስብሰባው ውስጥ ነበረች፤ ጫማዋን ታይ ነበር።

ሦስተኛ አልደወለችም። ስልኩን የማየው ሰዓት ለማወቅ ነው።

ዓርብ 6

ኮምፒዩተሩን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ እንደ ታመመ ልጅ አቅፌ ጥገና ሱቅ ወሰድኩት። ጠጋኙን ብሎን ይሉታል። ሲያወራ እንኳ ከከንፈሩ መሃል ሁለት ሦስት ብሎን አይጠፋም፤ ሰው ሰላም የሚለው በጥርሱ ነው። ከፈተ። አቧራውን እፍ አለ። ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይህቺ አሮጊት ደብዳቤ ልትጽፍ ነው የተወለደችው። አንቺ ሕንፃ አሸክመሻታል።»

«ምን ይሻላታል?»

«ግራፊክስ ካርድ። ሥዕል ብቻ የሚሠራላት ሌላ ጭንቅላት በይው። አሁን ሁሉንም በአንዱ ጭንቅላት ነው የምትፍጨረጨረው።»

የአዲስ ካርድ ዋጋ ነገረኝ። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። በዚያ ዋጋ እንደ ቁጥር 9 ያሉ አራት ይገዛል።

«ያገለገለ ፈልጊ። ግን ተጠንቀቂ፤ ቀን ከሌት ሲቃጠል የኖረ ካርድ ሽታው ይነግርሻል። አሽትቺው።»

«ካርድ ይሸተታል?»

«ሐብሐብ ሲገዛ ይንኳኳ የለ! መጀመሪያ ግን ሂጂና ውስጧን ለኪ። ቦታ አላት ወይ? ሜትር አለሽ?»

ሜትር አለሽ ይለኛል። እኔን!

እሑድ 8

ለካሁ። ውስጡን በሙሉ፣ በሚሊ ሜትር። ከላይ የሚታየውንና ከጎን የሚታየውን ለየብቻ ሣልኩ። ከካርዱ ማስገቢያ እስከ ዲስኩ ሣጥን ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል። ለኮምፒዩተር ሆድ እንዲህ ያለ ንጹሕ ፕላን የሠራ ሰው ከዚህ በፊት ያለ አይመስለኝም። ከማስታወቂያው አጠገብ ለጠፍኩት።

አባዬ በበሩ ሲያልፍ ቆም አለ። ሠላሳ ዓመት ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ወገቡ እንቢ ሲለው ነው ጡረታ የወጣው፤ የተከፈተ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም።

«ጭነቱንስ ቆጥረሻል?»

«የምን ጭነት?»

«የኤሌክትሪኩን ነዋ። ስንት ይስባል፣ ስንት ይደርሰዋል?»

«አዎ፣ ቆጥሬያለሁ» አልኩት።

አልቆጠርኩም። ግን ይቅርታ ጠይቂው ካለኝ ሰው ምክር አልቀበልም።

ረቡዕ 11

መጣች። የጠረጴዛ ጎረቤቴ ናት፤ እማዬ አስገባቻት። ቢሮ የቀሩትን ዕቃዎቼን ይዛ ነው፤ ማስመሪያዬን፣ ኩባያዬን፣ ሹራቤን። ሹራቡ ታጥቦ ተተኩሷል።

«ምን ልበልሽ» አለች፤ «ልጅ አለኝ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ። ታውቂ የለ?»

«አውቃለሁ።»

«ብናገር እኔንም ያባርረኝ ነበር።»

«አዎ። ሁለት እንሆን ነበር።»

ለመሄድ ስትነሣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አየች። «ቢሮውም ይወዳደራል» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ማስገባት እንደማትችይ ነው ኢንጂነሩ የሚያወራው። ‹በምን ትሠራዋለች? ቀለሙም ብሩሹም እዚህ ቀርቷል› ብሎ አሳቃቸው።»

«አንቺስ ሳቅሽ?»

ጫማዋን እያየች ወጣች። በሩን ዘጋሁ። ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት።

ይህን የምጽፈው ሹራቡን ለብሼ ነው። ብርድ ስለሆነ ነው።

ቅዳሜ 14

ካሜራዬን ሸጥኩ። ስለ እሱ የምጽፈው ሌላ ነገር የለኝም።

ካርዱን አገኘሁት! ሻጩ በሩን የከፈተልኝ ሕፃን ትከሻው ላይ እንዳስተኛ ነው። እያንሾካሾክን ነው የተገበያየነው።

«ጌም ትጫወትበት ነበር?»

«ነበር ነው እንግዲህ» አለና ወደ ሕፃኗ በአገጩ ጠቆመ። «አለቃ ተቀይሮብኛል። ሚስቴ ‹ወይ እሱ ይጩህ ወይ እሷ፤ ሁለቱን አልችልም› አለች።»

ካርዱን ሰክቶ እየሠራ አሳየኝ። አስነቀልኩትና ለካሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። አሸተትኩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሐብሐብ እየገዛሁ ነው።»

ሕፃኗን እንዳያስነሣ አፉን ይዞ ሳቀ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይተርፈኛል። አውቶቡስ ውስጥ እቅፌ ላይ አድርጌው ስመጣ ብቻዬን ፈገግ ስል ራሴን ያዝኩት። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

እሑድ 15

ደደብ። ደደብ። ደደብ።

ካርዱ ማስገቢያው ውስጥ ቁጭ አለ፤ ርዝመቱም ልክ ነው። ግን ከላይኛው ጠርዙ ላይ ስድስት ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አለ። ለብቻው ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የእኔ ኮምፒዩተር እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ቢኖረውም ገመዱ የሚወጣው ወደ ክዳኑ ነው፤ ተሰክቶ ክዳኑ አይዘጋም።

ካርዱን ለካሁ። ገመዱ የሚሰካበትን ክፍተት አልለካሁም። የመጀመሪያው ዓመት የመጀመሪያው ትምህርት ነው እኮ፤ በር ስትሥሉ በሩ ሲከፈት የሚዞርበትን አብራችሁ ሣሉ። ሻጩ ዓይኔ ሥር ሰክቶ ነቅሎታል። እኔ ሜትሬን ነበር የማየው።

አምና የኢንጂነሩ የወንድም ልጅ የሣለው የመፀዳጃ ቤት በር ከመታጠቢያው ጋር ይጋጭ ነበር። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ለቢሮው ሁሉ አሳየሁ። «እዚህ ሽንት ቤት የሚገባው ቀጭን ሰው ብቻ ነው፤ የሚወጣ ግን የለም» አልኩ። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ገና ሥራ መጀመሩ ነበር።

ይህን አሁን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም። ስም መስረቅ ሌላ ነገር ነው።

ሌላ ነገር ነው።

ሰኞ 16

ብሎን ካርዱን አገላብጦ አየው። «ስድስቷን ቀዳዳ አላየሻትም?»

«አላየኋትም።»

«ስታሸቺው ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበራ!»

ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ አቅም የለውም። «ከዲስኩ ገመድ ጠልፌ ልሰጥሽ እችላለሁ። ሲጨስ ግን እንዳትጠሪኝ።» ጠንከር ያለ፣ ያገለገለ ሌላ አለው። ግን ቁጥር 9ን የሠራው ፋብሪካ ሁሉን ነገር በራሱ ቅርጽ ስለሠራ አገናኝ ገመድ ያስፈልገዋል። ሣጥኑ ውስጥም አይገባም።

«ውጭ ይቀመጣላ» አለ። «አንጀቷን ውጭ አስጥታ የምትኖር አሮጊት።»

«ያስጠላል።»

«እህቴ፣ ለሠርግ ነው ለሥራ?»

የካሜራው ገንዘብ እዚሁ አለቀ። አገናኝ ገመዱ የሚመጣው በሳምንቱ ነው። ሃያ አምስት ቀን ቀረኝ። ጭነቱንስ ቆጥረሻል? ጭነቱንስ ቆጥረሻል? ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ረቡዕ 18

መተኛት ስላልቻልኩ ልጻፈው።

ራት ላይ አባዬ «ቆጥሬያለሁ ብለሽኝ አልነበረም?» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። አሁን ሳስበው ሊረዳኝ ፈልጎ ይሆናል። ያኔ የሰማሁት ግን ፌዝ ነው።

«ተሳሳትኩ! ደስ አለህ?»

«እኔ ምን ደስ ይለኛል፣ ልጄ። እልሁን ትተሽ ቢሮ ብትመለሺ ይህ ሁሉ...»

«ስሜን ነው የሰረቀኝ!»

«ስም ምን ያደርጋል? ሥራው እንደሆነ ሠርተሽዋል፤ ሰዉ ይታከምበታል።»

ያኔ ነው የተናገርኩት። «ሠላሳ ዓመት የሰው ሊፍት ስትጠግን ኖርክ። አንድ ቦታ ስምህ ተጽፏል? አንድ ቦታ? ለዚህ ነው የእኔ ሲሰረቅ ምንም የማይመስልህ።»

እማዬ «አንቺ!» አለች።

አባዬ ዳቦውን ቆረሰ። አልበላውም። «ሊፍት ውስጥ የሚጻፈው የሰው ብዛትና ኪሎው ነው» አለና ተነሥቶ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ሰማሁት፤ አንድ እግር፣ ሌላው እግር፣ ሁለቱንም በአንድ ደረጃ ላይ እያሳረፈ። የምንኖረው መጨረሻው ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃችን ሊፍት የለውም።

ሐሙስ 19

የተናገርኩት እውነት ነው። እውነት መናገር ጥፋት አይደለም።

ይህንኑ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

አባዬ ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ገባ። በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ቁመቱ እስከ ደረቱ የሚደርስ ጠፍጣፋ ነገር ተሸክሞ ነው። እማዬ «ከየት ነው?» ስትለው «የድሮው ሆቴል እየፈረሰ ነው» አላት። አልጋው ሥር ከተተው። አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ 24

ሠራ። ሠራ ሠራ ሠራ!

ብሎን ቤት ድረስ መጥቶ አገናኘልኝ። ፓወር ሰፕላዩ ጠረጴዛው ላይ፣ ኮምፒዩተሩ ከጎኑ ሆዱን ከፍቶ፣ በመሃላቸው ገመድ እንደ እትብት። ለሙከራ አንዲት ባዶ ክፍል ሰጠሁት። ትናንት ሙሉ ቀን የሚፈጅበትን በሃያ ደቂቃ ሠርቶ አስረከበኝ። ብሎን ብሎኖቹን ከአፉ አውጥቶ አጨበጨበ፤ እንደዚያ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

ሲወጣ አባዬን ደረጃው ላይ አግኝቶት ብዙ ቆመው አወሩ። ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። ሲመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ጫፉ ማግኔት የሆነ ጠመንጃ መፍቻ ተቀምጦ ነበር። ማን እንዳስቀመጠው እንጃ።

ዓርብ 27

ሙሉውን ሕንፃ ስሰጠው እንቢ አለ። ካርዱ አሮጌ ስለሆነ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ትንሽ ነው፤ «ማህደረ ትውስታው አልበቃም» ብሎ ይቆማል። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥር ጊዜ ቆመ።

ምኑን ላውጣ? ሕንፃው አይከብድም። የሚከብዱት ዛፎቹ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ይቆጠራል። ሣሩ፣ አበባው፣ የሚሄዱት ሰዎች፣ መስተዋት ላይ የሚታየው ደመና። በቢሮው ለእያንዳንዱ ሥራ የምጨምረው፣ ባለቤቶቹ «ወይ ማማሩ!» የሚሉት ሁሉ።

አንድ በአንድ አጠፋሁ። የመጨረሻውን ዛፍ ሳጠፋ ልብስ የማወልቅ ያህል አፈርኩ።

ከዚያ አየሁት። ደረጃው አለ፤ ሰው እየወጣ አረፍ ብሎ የሚያነብበት ሰፊው ደረጃ። ከላይ የሚገባው ብርሃን አለ። ግድግዳው አለ። ሌላ ምንም የለም፤ ምንም አልጎደለውም።

ቀለም ቀቢ ብሎኝ ነበር። ይኸው ቀለሙን አነሣሁት።

ሰኞ 30

አራቱ ሥዕሎች አለቁ! እያንዳንዱ አምስት ሰዓት ፈጀ።

የውድድሩን ደንብ እንደገና ሳነብ አንድ ነገር አየሁ። በሥዕሎቹም በፊልሙም ላይ ምንም ስም መጻፍ ክልክል ነው፤ ቁጥር ብቻ። ስም የሚገባው በታሸገ ፖስታ ሲሆን የሚከፈተው አሸናፊው ከተመረጠ በኋላ ነው። ለስሜ ስል ከሥራ ተባርሬ፣ ለስሜ ስል ካሜራዬን ሸጬ፣ የማስገባው ስም የሌለው ሥራ ነው። ለእማዬ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። መጨረሻ ላይ እኔም ሳቅኩ።

ሐሙስ 3፣ አዲሱ ወር

ፊልሙ ዛሬ ተጀመረ። ሁለት ደቂቃ ማለት ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ቁራጭ ምስል ነው። አንዱ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ሳይቆም ከሠራ ስድስት ቀን። ያለኝ ስምንት ቀን አይሞላም።

ከባድ ዝናብ። ጣሪያው ጠረጴዛዬ ላይ ማፍሰስ ጀመረ፤ የተከፈተው ኮምፒዩተር ላይ! ጠረጴዛው ከዚያ ሌላ የሚቆምበት ቦታ የለውም። ዣንጥላ ዘርግቼ ከወንበር ጋር አሰርኩለት። እማዬ ገብታ «መታደሉ! እኔ አውቶቡስ ስጠብቅ በስብሼ መጣሁ» አለች። አባዬ በር ላይ ቆሞ ዣንጥላውን ብዙ አየው። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ከደህና ዋልሽና ደህና አደርሽ ሌላ አልተነጋገርንም።

ቅዳሜ 5

መብራት ሄደ። ሁለት ሰዓት። ቁራጭ በቁራጭ ስለማስቀምጠው የጠፋው አንድ ምስል ብቻ ነው። ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ እማዬና አባዬ ሳሎን ሲያወሩ ሰማሁ።

«ለምን አትነግራትም?» አለች እማዬ። «ያኔ ባላጠፋኸው አለቃህን ይቅርታ የጠየቅከው ለእሷ የትምህርት ቤት ክፍያ ስትል አይደል?»

«ምን ይጠቅማታል?»

«ታውቀዋለች።»

«ዕዳ ላሸክማት? ተይ።»

መብራቱ መጣ። ስለ ምን እንደሚያወሩ በደንብ አልገባኝም። 811ኛው ምስል ላይ ነኝ።

እሑድ 6

አባዬ ወገቡን አሞት ተኝቶ ዋለ። እማዬ «በዚህ ዕድሜህ ጣሪያ ላይ!» እያለች ስትቆጣው ሰማሁ። ጣሪያው አያፈስም። ዝናቡ ቀንሶ ይሆናል።

ዝናቡ አልቀነሰም።

ሰኞ 7

ካርዱ ሞቀ። ዘጠና ዲግሪ ደርሶ ራሱን አጠፋ። ሦስት ሰዓት ባከነ። ብሎን ጋ ደወልኩ። «ክዳን ስለሌላት ነው» አለኝ፤ «ነፋሷ በተከፈተው በኩል ይበተናል እንጂ ካርዱ ጋ አይደርስም። ክዳን ትፈልጋለች፤ ግን የሚተነፍስ።» የራሷ ክዳን ደግሞ አይዘጋም። ካርቶን ቆርጬ ሞከርኩ፤ መሽተት ሲጀምር ነቀልኩት።

ማክሰኞ 8

አባዬ መጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ነው የቆመው። ሜትሬን ከጠረጴዛው አነሣ።

«ገመዱ ከጠርዙ ስንት ወጥቷል?»

«አራት ሴንቲ ሜትር።»

«ሲታጠፍስ?»

ለካሁ። «ስድስት።»

«ስድስት ተኩል እናድርገው» አለ። ከዚያ «መጋዝ ስለምጠቀም እንዳትደነግጪ» ብሎ ወጣ።

አንድ ቃል አፌ ላይ ነበር። ሳልለው ቀረሁ።

ረቡዕ 9

ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ጠዋት ስነሣ ክዳኑ ተገጥሟል። አባዬ ከሆቴሉ አምጥቶ አልጋው ሥር የከተተው የአሮጌ ሊፍት ሰሌዳ ነው፤ ሰው ፎቁን ለመምረጥ የሚጫናቸው ቁልፎች የነበሩበት። ቆርጦ ጠርዙን አጥፎታል፤ በስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ልክ ወደ ውጭ ይወጣል። ቁልፎቹ የነበሩባቸው ክብ ቀዳዳዎች መተንፈሻ ሆነዋል። በየቀዳዳው አጠገብ ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ ከ1 እስከ 8። ከታች «6 ሰው፣ 450 ኪሎ» ይላል።

ሙቀቱ ሰባ ሁለት። ያማረ ነገር ነው። «ቁጥር 9» የሚለው ወረቀት ከሣጥኑ ጎን እንዳለ ስለሆነ፣ አሁን ሕንፃው ዘጠነኛ ፎቅ ያለው ይመስላል።

ሐሙስ 10

2,450። መብራት አለ።

2,530። እማዬ ሻይ አመጣች። ቀዘቀዘ።

2,611። በዚህ ሰዓት ቢሄድ እጮሃለሁ።

2,880።

አለቀ። ንጋቱ ላይ ፊልሙን አንድ ጊዜ አየሁት። ደረጃውን ወጥቼ ብርሃኑ ጋ ደረስኩ።

ዓርብ 11

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ማስረከቢያው መስኮት ፊት ረጅም ሰልፍ ነበር። ከፊቴ ሦስተኛዋ የጠረጴዛ ጎረቤቴ ናት፤ የቢሮውን ሣጥን ታቅፋለች። አየችኝ። ሁለቱን ሰዎች አሳልፋ ወደ እኔ ተመለሰች።

«ጨረስሽው» አለች።

«ጨረስኩት። ዛፍ የለውም።»

«ዛፍ አታብዢ ስልሽ ነበር እኮ።»

ብላኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ። አልሰማኋትም ነበር።

ሣጥኗን አየሁት። «ማን ነደፈው?»

ሣጥኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ፖስታው ውስጥ ያለው ስምስ የማን ነው?»

«የኢንጂነሩ» አለች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ፣ «እኔ ነኝ የነደፍኩት። ሦስት ሳምንት እዚያው እያደርኩ።»

የምናገረው ብዙ ነገር ነበረኝ። አንድ ወር ሙሉ ስለማመደው የከረምኩት። ተውኩት። ቢበላሽብኝ ብዬ ሁለት ፖስታ ነው የያዝኩት። ትርፉን አውጥቼ ሰጠኋት።

«ምን ላድርገው?»

«አላውቅም። ባዶ ነው።»

ጠባቂው «ቀጥሉ!» አለ። ፖስታውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ምን እንዳስረከበች አላየሁም። አውቄ ነው ፊቴን ያዞርኩት።

የእኔ ደረሰኝ ቁጥር 41 ይላል።

ቤት ስደርስ አባዬ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ መንገዱ በሚታይበት መስኮት አጠገብ።

«ተቀበሉሽ?»

«ተቀበሉኝ።»

«ጎሽ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ይቅርታ።»

«ለምኑ?»

«ለሊፍቱ።»

«የትኛው ሊፍት?» አለ። «እዚህ ሕንፃ ሊፍት መች አለና!» ክንዱን ሰጠኝ፤ አንዱን ደረጃ በሁለት እግር እያሳረፍን ወጣን።

ከሰዓት በኋላ አቧራውን ልጠርግ ክዳኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። የሰሌዳው ጀርባ በምስማር ተጽፎበታል። የአባዬ ስም፣ ቀን፣ አንድ ቃል። የአባዬ ስም፣ ቀን፣ «ኬብል»። የአባዬ ስም፣ ቀን፣ «የበር ሞተር»። ዘጠኝ ጊዜ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ በሆቴሉ ሊፍት የሚወጣና የሚወርድ ሰው በማያየው በኩል። አሥረኛው አዲስ ነው፤ ጭረቱ ያበራል። የዚህ ወር 8። «ክዳን»።

ከሥሩ ቦታ አለ።

ምስማር ፈልጌ ጻፍኩ። ሙሉ ስሜን፤ ፖስታው ውስጥ እንደጻፍኩት አድርጌ፣ ስሜን ከዚያም የእሱን። ቀን። «ቤተ መጻሕፍት»።

ክዳኑን መለስኩት። ገጠመ።